ከቦሌ እስከ ዱለስ፦ የረጅም በረራን ርቀትና ሰዓት አስቀድሞ ማስላት

በሁለት ሩቅ ኤርፖርቶች መካከል ያለውን ርቀት ለማወቅ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማጋደም አያዋጣም፤ ምድር ክብ በመሆኗ እውነተኛው አጭር መንገድ በካርታ ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው። ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ዱለስ የሚያደርሰው አጭር መስመር በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ይጀምርና ሱዳንን፣ ሊቢያንና ሜዲትራኒያንን አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። ሉል ያለው ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ይህን ማየት ይችላል። በስሌት ለሚሠራ ደግሞ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ የሚገኘው የሁለቱ ቦታዎች የማዕዘን ርቀት (ከምድር መሃል ወደ ሁለቱ በሚሰመሩ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን) 104 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ውጤቱ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ርቀቱን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው የትልልቅ ጄቶች ፍጥነት አካፍሎ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል መጨመር 13 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይሠራም። በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን ይገፋዋል፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ግን ያዘገየዋል። ከዚህ በላይ የሚከብደው የቦሌ ከፍታ ነው፤ ኤርፖርቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ለመላው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ከዱለስ ያለማቋረጥ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ሲሄድ በመካከል አርፎ ነዳጅ የሚቀዳውም ለዚህ ነው። መቆሚያው ከተማ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትኬቱን መመልከት ያስፈልጋል፤ የርቀት ማስያ ድረ ገጾች የሚሰጡት ሰዓት ይህን ቆይታ አይጨምርም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ግን በሰዓት አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ አረጋውያን ወላጆች ብቻቸውን በሚጓዙበት ጊዜ ይህን ደጋግሞ ማረጋገጥ ይገባል። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ግን ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው። ትኬት ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ስለሚቆጥር፣ በጃንዋሪ ከዱለስ በትኬቱ አቆጣጠር በ11:00 የተነሳ መንገደኛ ቢኖር፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ 19:00 ነው፤ የ13 ሰዓት በረራ ሲጨመር በማግስቱ 8:00 ይደርሳል። ይህም በእኛ ቆጠራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሆነ፣ ቁጥሩን እንዳለ አንብቦ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለመቀበል የሚወጣ ሰው እንግዳውን ስድስት ሰዓት ያስጠብቀዋል።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። በትኬት ላይ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ «ሐሙስ 00:30» የሚል መነሻ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፤ ወደ ኤርፖርት መሄድ የሚገባውም ረቡዕ ማታ ነው።