በቂ ተኝተው አእምሮዎ ለምን ይፈዛል? ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ 8 ሰዓት ሙሉ ተኝተው ተነስተዋል። ሆኖም አንድ አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብበው ምን እንደሚል አልያዙም፤ የሚፈልጉት ቃል አፍዎ ላይ መጥቶ ይጠፋል። እኔን ያነቃኝ አንድ ሰኞ ጠዋት 1,450ን 1,540 ብዬ መመዝገቤና ደጋግሜ አመሳክሬም ስህተቱን ሳላየው መቅረቴ ነው።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚቆጥረው ስንት ሰዓት እንደተኛ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሳ ነው። ወረቀት ይያዙና የሰባት ቀን መነሻዎን ይጻፉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ 12፡30፣ ቅዳሜና እሑድ 4፡00 የሚል ከወጣ መንስኤው እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ።

መንስኤ፦ አንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ ወደ 20,000 በሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት የሚሠራ ሰዓት አለ። የሰውነት ሙቀት መቼ እንደሚወርድ፣ ንቃት መቼ እንደሚመጣ የሚመራው እርሱ ነው። ለብቻው ሲተው የብዙ ሰው ሰዓት ከ24 ሰዓት ጥቂት ስለሚረዝም የጠዋት ብርሃን በየቀኑ ሊያስተካክለው ይገባል። እሑድ እስከ 4፡00 የተኛ ሰው ያ ብርሃን ያመልጠዋል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሰኞ 12፡30 ሲነሳ ዓይኑ ተገልጧል፣ አንጎሉ ግን ገና ሌሊት ላይ ነው።

መፍትሄ፦ የመኝታ ሰዓትን ሳይሆን የመነሻ ሰዓትን ያጽኑ። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም፤ መነሳት ግን በእጃችን ነው። በእረፍት ቀንም ቢሆን ልዩነቱ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። እንደተነሱ ወደ ውጭ ይውጡ፤ ደመናማ ቀን እንኳ የውጭው ብርሃን ከቤት መብራት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ አይዞዎት። ቀን ላይ ካቃተዎ 20 ደቂቃ ብቻ ያሸልቡ።

ምልክት፦ ማታ ንቁ፣ ጠዋት ድንዝዝ። ከሰዓት በኋላ የጠጡትን ቡና ያስቡ። በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ 10 ሰዓት ላይ ከጠጡት ግማሹ ማታ 3 ሰዓት ላይም አለ። ከምሳ በኋላ ይተዉት።

ምልክት፦ «በ6 ሰዓት እንቅልፍ መኖር ለምጃለሁ።» ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለ14 ቀናት በየሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲተኙ የተደረጉ ሰዎች የትኩረት ፈተና ውጤታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄደ። እነርሱ ግን ጥቂት እንቅልፍ እንጂ ሌላ የጎደላቸው አልመሰላቸውም። የፈዘዘ አእምሮ የራሱን መፍዘዝ መለካት አይችልም። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል።

ተነስተው እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ብቻ የሚቆይ ድንዛዜ ግን የጤና ነው፤ በዚያ ሰዓት ከባድ ውሳኔ አይወስኑ።

በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነ በሥራ ቀንም በእረፍት ቀንም ከእንቅልፍዎ ቢያንስ 4 ሰዓት የሚሆነውን በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ለማድረግ ይሞክሩ፤ መኝታ ክፍሉንም ያጨልሙ። ከሌሊት ፈረቃ በኋላ መኪና አይንዱ።

መነሻዎን ለአንድ ወር አጽንተው ለውጥ ካላዩ፣ ወይም አብሮዎት የሚተኛ ሰው በእንቅልፍዎ ጮክ ብለው እንደሚያንኮራፉና ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ከነገረዎ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ ችግርና ድብርትም ተመሳሳይ መፍዘዝ ያመጣሉ። ሲሄዱ ያቺን የመነሻ ሰዓት ወረቀት ይዘው ይሂዱ።