መብራት ሲሄድ ሥራ እንዳይቆም፦ ትንሿን ሲፒዩ እንዴት መርጬ እንደገዛሁ

ጎፋ ነው የምኖረው። ቤቴ ቁጭ ብዬ የትንንሽ ሱቆች ሒሳብ እሠራለሁ። የወር መጨረሻ ላይ መብራት ሲሄድ ትልቁ ሲፒዩዬ (የኮምፒውተሩ ዋና ሳጥን) በዩፒኤስ፣ ማለትም ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ፣ 15 ደቂቃ እንኳን አይቆይም ነበር። ሴቭ ያላደረግኩት ኤክሴል ስንቴ እንደጠፋብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን የምሠራበት ሲፒዩ ጎንና ጎኑ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ተኩል ነው። ሞኒተሩ ሥር ይተኛል። ላፕቶፕ ለምን አልገዛሽም የሚሉኝ አሉ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚያስገባ ሰው ሰፊ ስክሪንና ሙሉ ኪቦርድ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ደግሞ ነበሩኝ።

የእኔ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤም720ኪው ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒም ያው ናቸው። ስትገዙ ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ኋላ ያለችውን ፊደል እዩ። የእኔ አይ5-8500ቲ ነው። "ቲ" ያለው 35 ዋት ተብሎ የተመደበ ነው፤ ያለ "ቲ" የሆነው 65። ከ8ኛ ጀነሬሽን (8500 ላይ የመጀመሪያዋ 8 እሷን ነው የምትነግራችሁ) በታች አትውረዱ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

መጀመሪያ የገዛሁት ግን ይሄን አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ዊንዶውሱ ሲከፈት አየሁና ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ልገባ ስል ፓስወርድ ጠየቀኝ። ቀድሞ የተጠቀመበት መሥሪያ ቤት ቆልፎታል፣ ሻጩም አያውቀውም። ለማስቀየር ሁለት ቀን ተመላለስኩ። እናንተ እዚያው ሱቅ ውስጥ አጥፉትና ስታስነሱት ኤፍ1ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት። ቻርጀሩም የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ሞኒተራችሁ የድሮ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ሲፒዩው ካለው መውጫ (ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት) ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር አብራችሁ ግዙ።

ቤት ስትደርሱ ሳትጠቀሙበት በፊት ክፈቱት። ክዳኑን የያዘችው ከኋላ ያለች አንዲት ብሎን ናት። የእኔን ስከፍት የማራገቢያው ክንፎች መሀል አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጠረግኩት። ያ ሁሉ ጩኸት በአንዴ ጸጥ አለ። ራሙ (የሥራ ሚሞሪው) ላፕቶፕ ላይ የሚገባው አጭሩ ዲዲአር4 ነው፤ 8 ጊጋውን 16 አደረግኩት። ከዚያ በላይ ለሒሳብ ሥራ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዩፒኤሱ። ዋት መለኪያ ተውሼ ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። ትልቁ ሲፒዩ ብቻውን 65 ዋት ገደማ ይወስድ ነበር። ትንሿ ኤክሴልና ብሮውዘር ተከፍቶ 15 አካባቢ ናት። ሞኒተሩ ብርሃኑ ተቀንሶ 18፣ የዋይፋይ ራውተሩ 8፤ ሁሉም ተደምሮ 41። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ግን ሁሉን አይሰጥም፤ ግማሹን ያዙ። ወደ አንድ ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ ካገኘሁ የአንድ ሱቅ ደረሰኝ አስገብቼ እጨርሳለሁ። ከፍጆታውም በቀን 8 ሰዓት ለምሠራ ሰው በወር 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቀንሳል።

ሌዘር ፕሪንተር ግን ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኩ፣ አደራ። ሲሞቅ በአንዴ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ ዩፒኤሱ ይጮህና ሁሉንም ያጠፋዋል። እሱን ለብቻው ግድግዳው ሶኬት ላይ።

አንዲት የመጨረሻ ነገር ባዮስ ውስጥ አለች፤ "አፍተር ፓወር ሎስ" የምትለዋ። "ፓወር ኦፍ" አድርጓት። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ዩፒኤሱ ባትሪ ጨርሶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አብሮ እየተነሳ እየወደቀ ዲስኩ እንዲጎዳ አልፈልግም። እስኪረጋ ቡናዬን እጠጣና ራሴ አበራዋለሁ።