የኮሎኖስኮፒ አንጀት ማጽጃ፦ ሁሉም ተጠጥቶ አንጀቱ ሳይጸዳ ሲቀር

ሜሪላንድ ውስጥ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ውስጡን ማየት) በሚሠራበት ክፍል ነርስ ነኝ። አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲደውል ስልኩ ለእኔ ነው የሚሰጠው። ጥያቄው ሁሌም ስለ አንጀት ማጽጃው መድኃኒት ነው፦ ጎላይትሊ ይሻላል ወይስ ሱፕሬፕ? ክኒኑስ አይቀልም? ልዩነታቸውን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ግን እኔ የማየው ብልሽት ከመድኃኒቱ ዓይነት የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። የሚያበላሸው ሰዓቱ ነው። ቀን ማስያዙን፣ ወደ ቤት የሚመልሳችሁን ሰው ማዘጋጀቱን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ።

ምልክት፦ "ሁሉንም ጠጣሁ፣ ውሃ ብቻ ነው የወጣኝ፣ ሐኪሙ ግን አልጸዳም አለኝ"

በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ሰውዬው አይዋሽም፤ እውነት ጠጥቷል። ግን ሁሉንም ማታ ጠጥቶ ተኝቷል።

እናንተ ስትተኙ ትንሹ አንጀት አይተኛም። ሌሊቱን ሙሉ ሐሞትና ወፍራም ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት ይልካል። ፈሳሹ መጀመሪያ የሚያርፈው በቀኝ በኩል፣ ትልቁ አንጀት በሚጀምርበት ቦታ ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ይለጠፋል። ለማየት የሚያስቸግሩት ጠፍጣፋ ፖሊፖች (ግድግዳው ላይ የሚበቅሉ ትንንሽ እብጠቶች) ደግሞ እዚያው ቀኙ ላይ ይበዛሉ። ስለዚህ ማታ ንጹሕ የነበረ አንጀት ጠዋት ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ አንጀቱን በ3 ክፍል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 2 ማግኘት አለበት። ግራው 3፣ ቀኙ 1 ከሆነ አላለፋችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ድገሙ ትባላላችሁ።

መፍትሄው ግማሹን ማታ፣ ግማሹን በቀጠሮው ዕለት ሌሊት መጠጣት ነው። ሁለተኛው ግማሽ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጀመራል። ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። ቀጠሮው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ (በአሜሪካ አቆጣጠር 8) ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነስታችሁ ትጀምራላችሁ፣ 12 ሰዓት ላይ ጨርሳችኋል። አዎ፣ ያስጠላል። "ሌሊት ማን ይነሳል!" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እንቅልፍ ካሳሳችሁ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ጠይቁ፤ ያኔ ሁለተኛው ግማሽ ጠዋት ላይ ይሆናል።

ሰዓት ያልኩት በምክንያት ነው። አንዲት እማማ ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በአሜሪካ 10) ቀጠሮ ነበራቸው። ወረቀቱ ሁለተኛውን በአሜሪካ አቆጣጠር በ5 (በሐበሻ ከሌሊቱ 11) ይጀምሩ ይላል። ልጃቸው አንብባ "5 ሰዓት ላይ ይጠጡ" አለቻቸው። እሳቸው በሐበሻ ሰዓት ያዙት። 4 ሰዓት ላይ ከች ሲሉ ሁለተኛው ጠርሙስ ቦርሳቸው ውስጥ ነው፣ ገና አልተከፈተም። "ምነው ቸኮላችሁ፣ አንድ ሰዓት ይቀረኝ የለም እንዴ?" አሉኝ። ልጆች ሆይ፣ ለእናት ለአባታችሁ ስትተረጉሙ ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ጻፉላቸው፣ "ሌሊት" የሚለውንም ጨምሩበት፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ደግሞም ሌሊት ደውላችሁ ቀስቅሷቸው።

ሌላው ጥፋት የቢሮዎቹ ነው። አንዱ ወረቀት "ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጠጡ" ይላል። የማደንዘዣው ክፍል ደግሞ ደውሎ "ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ" ይላል። ታካሚው ምን ያድርግ? ጠንቃቃ የሆነው ሁለተኛውን ዶዝ ይተዋል፣ ጠንቃቃነቱ ያስጥለዋል። አንድ የታክሲ ሹፌር እንደዚህ ሆኖ የሥራ ቀኑን አጥቶ ተመልሷል። በጣም ነው ያናደደኝ። የሚጋጭ ነገር ከሰማችሁ ቀን ሳለ ደውላችሁ "ሁለተኛውን ዶዝ ልጠጣ ወይስ አልጠጣ?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በግምት አትወስኑ።

ምልክት፦ "ከጠጣሁ ሁለት ሰዓት ሆነኝ፣ ምንም የለም"

ብዙ ሰው ላይ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፤ የሚዘገይም አለ። ተነሱና ቤት ውስጥ ተመላለሱ፣ ውሃ ጨምሩ። ቆየት ያለ የሆድ ድርቀት ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ለሕመም ጠንከር ያለ ማስታገሻ የሚወስድ፣ ኦዜምፒክና መሰሎቹን (የስኳርና የክብደት መቀነሻ መርፌዎች) የሚወጋ ሰው ይዘገያል። ይህን ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ። ድርቀት ያለበት ሰው ዝግጅቱ ቀናት ቀድሞ ቢጀመር ይሻለዋል፤ ሐኪሙ ነው የሚያዘው።

ነገር ግን ሆድ እየተነፋ፣ ኃይለኛ ቁርጠት እያለ፣ እያስመለሰ፣ ጋዝ እንኳን አልወጣ ካለ አቁሙ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ላይ መጠጣት አደገኛ ነው።

ምልክት፦ "አልወርድ አለኝ፣ ያስመልሰኛል"

ለ30 ደቂቃ ያህል አቁሙና ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ይቀዝቅዝ። በስትሮው ጠጡት፣ ስትሮው ወደ ጉሮሮ ጠጋ ይበል። በየመሃሉ ቀይ ያልሆነ ከረሜላ ምጠጡ። ጎላይትሊ ላይ ግን ከተሰጣችሁ ማጣፈጫ ውጭ ምንም አትጨምሩ። ስኳርና ጁስ የሚቀላቅል ሰው አለ፤ አይሆንም፣ የተመጣጠነውን ያፋልሰዋል።

መድኃኒቶቹ እንዴት ይለያያሉ?

ጎላይትሊና ኑላይትሊ 4 ሊትር ናቸው። የሚጠጣው ብዙ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። ግን ፖሊኤትሊን ግላይኮሉ (የሚያጸዳው ዱቄት) ከጨው ጋር ተመጣጥኖ ስለተሠራ ሰውነት ብዙም አይመጠውም፤ ሳይዋሃድ አልፎ ይሄዳል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ሙቪፕሬፕ 2 ሊትር፣ ፕሌንቩ 1 ሊትር ነው፤ ሁለቱም ቫይታሚን ሲ አለባቸው። ጂ ሲክስ ፒዲ የሚባል የኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር።

ሱፕሬፕ ላይ የማየው ስህተት ያስገርማል። ጠርሙሱ 6 አውንስ ነው፤ ውሃ ተጨምሮበት 16 አውንስ መድረስ አለበት። ከዚያ በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ 32 አውንስ ውሃ ይጠጣል። ሳይበርዝ እንዳለ የሚጨልጠው ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ክሌንፒክ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የተዘጋጀ ነው፣ አይበረዝም። ከመጀመሪያው ጠርሙስ በኋላ ግን ቢያንስ 5 ኩባያ ጥርት ያለ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ማግኒዚየም ስላለበት ኩላሊቱ በጣም ለተጎዳ ሰው አይሆንም።

ሱታብ ክኒን ነው፣ በጠቅላላው 24፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት። "ክኒን ስለሆነ ቀላል ነው" ብለው ከውሃው የሚያመልጡ አሉ። አያመልጡም! ለእያንዳንዱ 12 ክኒን 16 አውንስ ውሃ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። ውሃውን ከተዋችሁት የሚወሰደው ከሰውነታችሁ ነው።

ሚራላክስን ከስፖርት መጠጥ ጋር ቀላቅለው የሚያዙ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። የተለመደው 238 ግራም ዱቄት በ64 አውንስ ውስጥ ነው። ሚራላክስ የተፈቀደው ለሆድ ድርቀት እንጂ ለዚህ አይደለም። በውስጡም ጨው የለም፤ የስፖርት መጠጥ የሚባለው ለዚህ ነው። በተራ ውሃ ብቻ በጥብጣችሁ እንዳትጠጡ። በተለይ ለሽማግሌዎች ሶዲየም ወርዶ መደናበር፣ ሲብስም መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ፎስፎ ሶዳ የሚባለው የድሮ ማጽጃ ኩላሊት ስለጎዳ በ2008 ከገበያ ተነስቷል። ያንኑ ጨው በክኒን የያዘው ኦስሞፕሬፕም ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበታል። "ጎረቤቴ በፊት በሱ ነው የተሠራላት" እያላችሁ አታፈላልጉ። ኮሶና የጉሎ ዘይትም ማጽጃ አይደሉም። ኮሶ ለትል ነው፣ እሱም መርዛማነት አለው። በታዘዘው ላይ የሚደርብ ሰው አጋጥሞኛል፤ ምርመራውን ሳያይ ግሉኮስ ተሰክቶለት ዋለ።

ምልክት፦ ውስጡ ፍሬና ገለባ ተገኘ

ማሽኑ የሚመጥበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ የቲማቲም ቆዳ፣ የቃሪያ ፍሬ ይዘጋዋል። ጎመንም ክር ክሩ ይቀራል። የጤፍ እንጀራም ከነቆዳው የሚፈጭ እህል ነው፤ ሐኪማችሁ በነገራችሁ ቀናት ያህል ቀደም ብላችሁ ተዉት። ምስርና ሽሮንም አብራችሁ ተዉ። በዋዜማው ሐኪማችሁ ምግብ ከፈቀደላችሁ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ አሳ ይበቃል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተላጠ ድንች አለ። አጥሚትና በሶ "ፈሳሽ ነው" ብላችሁ ጥርት ባለው ፈሳሽ ውስጥ አትቁጠሩ። ተጣርቶ ጥርት ያለ መረቅ፣ ሻይ፣ ቡና ያለ ወተት ይሆናል። ቀይና ሐምራዊ ቀለም ያለው መጠጥ ደም ስለሚመስል ይቅር።

የብረት ክኒን አንድ ሳምንት ያህል ቀድሞ ይቆማል፤ ሰገራውን አጥቁሮ እንደ ሙጫ ያደርገዋል። የደም ማቅጠኛና የስኳር መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ከስንት አንዴ የሚመጡ

አንጀት ውስጥ የቀረው አረፋ ብቻ ከሆነ ሲሜቲኮን (አረፋ የሚያጠፋ መድኃኒት) ይታዘዛል። መቀመጫችሁ እንዳይቃጠል ከመጀመራችሁ በፊት ቫዝሊን ቀቡ። ቢሳኮዲል (የሚያስቀምጥ) ክኒን ታዞላችሁ ከሆነ ከወተትና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አትውሰዱት፤ ሽፋኑ ቀድሞ ይሟሟና ይቆርጣችኋል።

ምልክት፦ ጠዋት ሆነ፣ የሚወጣው አሁንም ቡናማ ነው

ጉሽ ጠላ የመሰለ ከሆነ አልደረሳችሁም። ቢጫ ሆኖ በውስጡ የሽንት ቤቱ ሳህን ታች ከታየ ደርሳችኋል። አልደረሳችሁም ማለት ቤት ቅሩ ማለት አይደለም። ቀጠሮው ሰዓታት እየቀሩት ክፍሉ ጋ ደውሉ። ተጨማሪ ማጽጃ ወይም ኤኒማ (በመቀመጫ የሚገባ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ ወይ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ይገፉታል። ለቀጠሮው ከሁለት ሰዓት ያነሰ ከቀረ ግን በራሳችሁ ምንም አትጠጡ፣ ማደንዘዣው አይሰጣችሁም። ስትደውሉም የበላችሁትን በሙሉ ንገሯቸው፤ ቆሎውንም ጭምር።