የጉዳት ወይም የጤና ጡረታ ሲፈቀድ ውዝፉን ሳይጎድል እንዴት መቀበል ይቻላል?

ወንድሜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የማሽን ሠራተኛ ነበር። ጥቅምት ላይ ቀኝ እጁን ማሽን ያዘው። ደመወዙ ከቆመ በኋላ ጡረታው ተፈቅዶ የመጀመሪያው ብር ባንክ እስኪገባ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቤቱ የኖረው በብድር ነው። ሚስቱ ሽምብጥ ሰፈር ደጃፏ ላይ ድንች እየቀቀለች ትሸጥ ነበር።

ብሩ ሲገባ ተደሰትን። ማታ ወረቀት አውጥተን ስንደምር ግን የሦስት ወር ጎደለ። ምክንያቱን ስንፈልግ አንድ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ ቀን ሆኖ አገኘነው። ያን ቀን ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ሁለት ወር ተመላለስን። ይህን የምጽፈው እናንተ ያንን እንዳትመላለሱ ነው።

ውዝፍ ማለት ጡረታው መቆጠር ከጀመረበት ወር አንስቶ ውሳኔው እስኪወጣ ድረስ የተጠራቀመው አበል ነው። ውሳኔው ዘገየ ብሎ መብታችሁ አይቀርም፤ ሲፈቀድ ያለፈው በአንድ ላይ ይከፈላል። የሚቆጠረው ግን ወረቀት ላይ ባለው ቀን ነው። የምትናገሩትን ቀን ማንም አያይላችሁም።

መጀመሪያ የትኛው ጡረታ እንደሆነ ለዩ

የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014። የሚያስተዳድሯቸው መሥሪያ ቤቶችም ሁለት ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና እና የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና። ተሳስቶ አንዱ ጋ ተሰልፎ ግማሽ ቀኑን የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው።

ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ካልቻላችሁ የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። 10 ዓመት ካልሞላችሁ ያላችሁ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው፤ ወርኃዊ አበል የለም። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን የጉዳት ጡረታ ይባላል። ለዚህ 10 ዓመት መሙላት አያስፈልግም። በተቀጠረ በሁለተኛ ወሩ የተጎዳ ሰውም ይገባዋል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ሰውየውም ለዘለቄታው መሥራት የማይችል መሆን አለበት። ተጎድቶም መሥራት ከቻለ የሚያገኘው የጉዳት ዳረጎት ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ስሌቱ ስለሚለያይ ነው። ወረቀታችሁ ላይ «ሕመም» ተብሎ የተጻፈው በእውነት የሥራ አደጋ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትለፉት። አደጋው በደረሰ ሰሞን አሠሪው የጽሑፍ ሪፖርት እንዲያደርግ ጠይቁ፤ ኮፒውን ያዙ። ያዩ የሥራ ባልደረቦችን ስምና ስልክም ጻፉ። ከዓመት በኋላ ግማሾቹ ሥራ ለቅቀው ሊሆን ይችላል።

ሁለት ዓይነት ውዝፍ አለ፤ አታደባልቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛም ተሳስተን ነበር።

አንደኛው ከአሠሪው የሚጠየቀው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ሕክምና ላይ እያለ አሠሪው እስከ አንድ ዓመት ይከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ሳያንስ፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ሳያንስ። ተራ የሕመም ፈቃድ ከሆነ ግን ጠበብ ይላል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ክፍያ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

ሁለተኛው ከማኅበራዊ ዋስትና የሚጠየቀው የጡረታ ውዝፍ ነው። የሚጀምረው ከሥራ ስንብት በኋላ ነው። አሠሪው ያልከፈላችሁን የሕክምና ወራት ክፍያ ማኅበራዊ ዋስትና አይከፍላችሁም። «ጡረታው ሲፈቀድ አብሮ ይመጣል» እያላችሁ አትጠብቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝና መሰል ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። የጡረታ ውዝፍም የይርጋ ገደብ አለው። ስለዚህ የአሠሪውን ለአሠሪው፣ የጡረታውን ለጡረታው፣ ሁለቱንም ሳታዘገዩ ጠይቁ።

ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። አንድ ነጭ ወረቀት አምጡ። ጉዳቱ የደረሰበትን ወይም ሕመሙ የታወቀበትን ቀን ጻፉ። ከሥሩ መጨረሻ ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ወር። ከዚያ የሕክምና ቦርዱ፣ ማለትም የጉዳቱን መጠን የሚወስኑት ሐኪሞች፣ የወሰኑበትን ቀን። ከዚያ ስንብቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። በመጨረሻ ፋይሉ ማኅበራዊ ዋስትና የገባበትን ቀን። ከየቀኑ ጎን ያን ቀን የሚያሳየውን ሰነድ ስም ጻፉ። ሰነድ የሌለው ቀን ካለ፣ ሥራችሁ እሱን ማግኘት ነው።

የወንድሜን ነገር ልንገራችሁ። ቦርዱ ቋሚ ጉዳት ነው ብሎ ወሰነ። ድርጅቱ በሚያዝያ መጨረሻ ደመወዝ አቆመ። የስንብት ደብዳቤውን የጻፉለት ግን ሐምሌ ላይ ነው። ደብዳቤው «ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተዋል» ይላል። ጡረታ የሚቆጠረው ከስንብት ቀጥሎ ካለው ወር ነው። ስለዚህ ከግንቦት መጀመር የነበረበት ከነሐሴ ተጀመረ። ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ ቀለጡ። በነዚያ ወራት ደመወዝም አልነበረው፣ ጡረታም አልነበረው።

የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀንና ስንብቱ የሚጸናበት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ከዚህ ቀን ጀምሮ ደመወዝ የተቋረጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባበት በትሕትና ጠይቁ። ከተፈረመና ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።

ሌላው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ቀን የሚጽፉት በፈረንጅ ነው። ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጎረቤታችን አስተማሪ ናት፤ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ማስተማር አልቻለችም። የሕክምና ወረቀቷ ላይ 5/11/2022 ይላል። ይህ በእኛ ጥቅምት 26 ቀን 2015 ነው። አንድ ሰው ግን ዓመቱን ብቻ ቀንሶ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ተወው፤ 5/11/2015 ሆነ። እሱ ደግሞ ሐምሌ 5 ነው። ከስምንት ወር በላይ ልዩነት! ስለዚህ ሐኪሙ ቀኑን በፈረንጅ ከጻፈ «እ.ኤ.አ.» እንዲልበት ጠይቁ። ከተቻለ በእኛ አቆጣጠርም አብሮ ይጻፍ።

ከሕክምና ቦርድ ፊት ስትቀርቡ

ቦርድ ፊት በራስ ፈቃድ ሄዶ መቅረብ አይሠራም፤ የአሠሪው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሰው የሚታከመው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ነው። የታከማችሁበትን ሁሉ ወረቀት፣ ራጅ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር ይዛችሁ ቅረቡ። ሕመማችሁን አታሳንሱ። የእኛ ሰው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለምዷል። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ግን ምን መሥራት እንደማትችሉ በግልጽ ንገሩት። ወንድሜ ያን ቀን «እየተሻለኝ ነው» ሊል ሲል እናታችን «ልጄ፣ ሸሚዝህን ማን ነው የሚቆልፍልህ?» አለችው። ያኔ ነው የተናገረው።

የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ካልተጻፈ ወረቀቱን ይዛችሁ አትውጡ። በኋላ ጉዳቱ ከባሰ ወይም መጠኑ ልክ አይደለም የምትሉ ከሆነ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ፋይሉን ስታስገቡ

በመጀመሪያ ስማችሁን እዩ። መታወቂያ ላይ «ኃይለማርያም»፣ የቅጥር ደብዳቤ ላይ «ሃይለማሪያም»፣ ባንክ ደብተር ላይ ደግሞ ሌላ። ለእኛ አንድ ስም ነው። ፋይሉን ለሚመረምረው ሰው ግን ሦስት ሰው ሊሆንበት ይችላል። የሚለያይ ካለ አስቀድማችሁ አስተካክሉ ወይም አንድ ሰው መሆናችሁን የሚገልጽ ማስረጃ አውጡ።

ከዚያ የጡረታ መዋጮው ገቢ መሆኑን አረጋግጡ። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የቆረጠውን ገቢ የማያደርግ አሠሪ ያጋጥማል። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፤ ለመቆረጡ ማስረጃችሁ እነሱ ናቸው።

ፋይሉን በእጃችሁ ለአንድ ሰው ሰጥታችሁ ብቻ አትመለሱ። መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ይሰጣችሁ። ኮፒያችሁ ላይ ማኅተም ያሳርፉላችሁ። ከዘጌ ወይም ከደቅ በጀልባ የሚመጣ ሰው አንዲት ማኅተም ረሳ ማለት አንድ ሙሉ ቀን ከነመሳፈሪያው ጠፋ ማለት ነው። ከመምጣታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ የሚያስፈልገውን በዝርዝር ጠይቁ። መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ቤተሰብ በሕጋዊ ውክልና ሊጨርስለት ይችላል። «እኔ ላስጨርስልህ፣ ከውዝፉ ታካፍለኛለህ» የሚል ደላላ ከመጣ ግን ሸኙት። ያ ብር የተጎዳው ሰው ጉሮሮ ነው።

ውዝፉን ራሳችሁ አስሉ

ውሳኔውን ከመቀበላችሁ በፊት በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት። የጉዳት ጡረታ ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ደመወዙ 8,000 ብር ቢሆን በወር 3,760 ብር ይመጣል። የ14 ወር ውዝፍ 52,640 ብር ነው። ሦስት ወር ከጎደለ 41,360 ይሆናል። 11,280 ብር ማለት ለስንት ቤተሰብ የስንት ወር አስቤዛ ነው!

የጤና ጉድለት ጡረታ ሌላ ስሌት አለው። የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ትወስዳላችሁ። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የአስተማሪዋን አማካይ 8,000 ብር፣ አገልግሎቷን 16 ዓመት ብንል 37.5 በመቶ፣ ማለትም በወር 3,000 ብር ይሆናል። የ9 ወር ውዝፍ 27,000 ብር። ጳጉሜን ለብቻዋ አትቁጠሩ፤ እንደ ደመወዝ ሁሉ ዓመቱ 12 ወር ነው።

ከጎደለ

መጀመሪያ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል «ተስተካክሏል፣ ነገ ና» ከተባላችሁ እጃችሁ ላይ ምንም የለም። ቀጥሎ ያን የቀን ወረቀታችሁንና የውሳኔውን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነቱ የት እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል። ስህተቱ የአሠሪው ደብዳቤ ላይ ከሆነ ማኅበራዊ ዋስትና ላይ መጮህ ጥቅም የለውም፤ የሚጠየቀው አሠሪው ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ስድስት ቀን በከንቱ ተሰለፍን። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ አዝናልን «ወንድሜ፣ እኔ የማየው ይህን ደብዳቤ ነው፤ እሱን አስተካክላችሁ ኑ» አለችን። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ይዘን ድርጅቱ ጋ ሄድን። ደመወዝ ከግንቦት ጀምሮ እንዳልተከፈለ ራሱ ዝርዝሩ ይናገራል። የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፉ።

ስህተቱ የማኅበራዊ ዋስትና ከሆነ ግን ማመልከቻ ጽፋችሁ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። ካልተስማማችሁ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። የይግባኝ ጊዜው ውሳኔው ከደረሳችሁ ቀን ስለሚቆጠር፣ ወረቀቱን የተቀበላችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉት። እስከ መቼ ይግባኝ ማለት እንደምትችሉም እዚያው ጠይቁ።

ብሩ ሲገባ

የባንክ ሒሳቡን መግለጫ አውጡ። ውዝፉና የወሩ መደበኛ አበል ተቀላቅለው ከገቡ ለዩዋቸው። የሚቀጥለው ወርም በትክክል መግባቱን እዩ፤ ውዝፉ ገብቶ መደበኛው የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ለቤተሰብና ለጎረቤት ያለባችሁን ብድር በስም ጽፋችሁ በአንድ ቀን ክፈሉ። ከፋፍላችሁ ከከፈላችሁ ብሩ መሃል ላይ ይቀልጣል።

የወንድሜ ሦስት ወር የገባው በጥር ነው። ሚስቱ ለድንቹ ንግድ የተበደረችውን መጀመሪያ ከፈለች።