የበረራ ርቀትና ሰዓት ስናሰላ የት ላይ ነው የምንሳሳተው?

በሁለት ትናንሽ ኤርፖርቶች መካከል በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመት ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ሰው በዚህ ግምት ተማምኖ ቀጣይ በረራው ያመልጠዋል። ስህተቶቹ የታወቁ ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መተው

ዋናው ይህ ነው። 300 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ኤርፖርቶች አሉ እንበል። ጄት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ብለን ስናካፍል 23 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት አካባቢ ተጽፎ እናገኛለን። አየር መንገዱ ተሳስቶ አይደለም። ትኬት ላይ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። እስከ ማኮብኮቢያው መሄድ አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ። ከተነሳ በኋላም ሙሉ ፍጥነቱን ወዲያው አይዝም። በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር አይፈቀድም። ሊያርፍ ሲል ደግሞ ከማኮብኮቢያው አቅጣጫ ጋር ለመስተካከል ይዞራል። በ8 ሰዓት በረራ ላይ ይህ ሁሉ ብዙም አይታወቅም። በአጭር በረራ ላይ ግን ስሌቱን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል። እኔ ሁልጊዜ ከማካፈሉ በኋላ 30 ደቂቃ እጨምራለሁ። ትክክለኛ ቁጥር ባይሆንም ከባዶው ስሌት በጣም ይሻላል።

የአውሮፕላኑን ዓይነት አለማየት

በአጫጭር መስመሮች ላይ ፕሮፔለር ያላቸው አውሮፕላኖች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤቲአር 72 በሰዓት 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበረው። ጄት የሆነው ቦይንግ 737 ደግሞ 840 ገደማ።

ነፋስን መርሳት

ይህ ፕሮፔለር ያለውን ይበልጥ ይጎዳል። ርቀቱ 600 ኪሎ ሜትር፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት 500 ቢሆን፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ሲመጣ 82 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከኋላ ሲገፋ 64። በ800 የሚበር ጄት ላይ ግን ያው ነፋስ የሚያመጣው ልዩነት 7 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ የመሄጃው ሰዓት ከመመለሻው ጋር እኩል ካልሆነ አትደነቁ።

ማይልን ከማይል ማደባለቅ

በአቪዬሽን ማይል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ናቲካል ማይል ነው፤ 1.852 ኪሎ ሜትር። የመኪና መንገዱ ማይል 1.609 ነው። 200 ማይል በአንዱ 370፣ በሌላው 322 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት

መሬት ክብ ናት። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ሲደርስ ግማሽ ይሆናል። ካርታው ግን ሁለቱን እኩል አድርጎ ሊያሳየን ይችላል። የመኪና ርቀትን ወስዶ ማስላትም ያው ነው፤ መንገድ ተራራና ወንዝ ይዞራል።

በከተማ ስም ብቻ መፈለግ

ሳን ሆሴ ካሊፎርኒያ ውስጥም ኮስታ ሪካ ውስጥም አለ። የመጀመሪያው ኤርፖርት ኮድ ኤስጄሲ፣ የሁለተኛው ኤስጄኦ ነው። አንድ ፊደል ስትሳሳቱ ርቀቱ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ይለወጣል። ኮዱን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

የሰዓት ልዩነትን አለመቁጠር

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት መነሻውም መድረሻውም በየአካባቢው አቆጣጠር ነው። አንዱን ከሌላው ቀንሳችሁ 5 ደቂቃ ወይም ከዜሮ በታች ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ የሁለቱን ቦታዎች የሰዓት ልዩነት ተመልከቱ።