በግንባታ ሳይት የሠራተኞችን የሥራ ጭንቀት እንዴት እንለካለን?

ሳይት ላይ ሠራተኛውን "እንዴት ነህ?" ብትሉት "ደህና ነኝ" ይላል። ክፍያ ዘግይቶበትም፣ ሌሊቱን ሙሉ አርማታ ሲሞላ አድሮም መልሱ ያው ነው። ስለዚህ በደንብ የተዘጋጀ መጠይቅ ያስፈልጋል።

1. ምን እንደምትለኩ ወስኑ። ሰውየው የሚሰማው ጭንቀት አንድ ነገር ነው፤ ጭንቀቱን የሚያመጣው የሥራ ሁኔታ ደግሞ ሌላ። ለመጀመሪያው፣ ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል። 10 ጥያቄ ያለው ቅጂው ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል። ለሁለተኛው፣ የብሪታኒያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው 35 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። የሥራ ጫናን፣ በሥራ ላይ የመወሰን ነፃነትን፣ ድጋፍን፣ የእርስ በርስ ግንኙነትን፣ የሥራ ድርሻ ግልጽነትንና የለውጥ አያያዝን ያያል። የመጀመሪያውን ብቻ ከወሰዳችሁ ችግሩ ሁሉ የሠራተኛው ድክመት መስሎ ይወጣል። ሁለቱንም ያዙ።

2. የሳይቱን ጉዳይ ጨምሩ። የማስረከቢያ ቀን ጥድፊያ፣ በየጊዜው የሚቀያየር ዲዛይን፣ ከፍታ ላይ መሥራት፣ ከቤተሰብ መራቅ፣ "ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የት ልገባ ነው?" የሚለው ስጋት በተለመዱት መጠይቆች ውስጥ እምብዛም አይገኙም። ከዚያ ለጥቂት ሰዎች አንብቡላቸውና የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር ይንገሯችሁ። ያልገባቸውን ጥያቄ አስተካክሉ።

3. ሚስጥሩን ጠብቁ። ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ስም አለመጻፍ ብቻውን አይበቃም። "ክሬን ኦፕሬተር፣ ዕድሜ 52" ብሎ የሞላ ሰው፣ ሳይቱ ላይ አንድ ክሬን ብቻ ካለ ስሙን እንደጻፈ ይቆጠራል። ዕድሜን በክልል ጠይቁ፤ ለምሳሌ ከ45 በላይ። ፎርማኑ ወረቀት አይሰብስብ፣ አጠገባቸውም አይቁም። ማንበብ ለማይችል ከድርጅቱ ውጭ የመጣ ሰው ያንብብለት፤ መልሱን ግን ራሱ ያክብብ፣ ራሱም ሳጥን ውስጥ ይክተት። ወረቀቱ ግርጌ ላይ እርዳታ የሚገኝበትን ስልክ አትርሱ፤ ስም ስለሌለ፣ የከፋ ጭንቀት ያለበትን ሰው ፈልጋችሁ ልታገኙት አትችሉም።

4. ሰዓቱንና ሰዎቹን ምረጡ። ሶሌታ ተሞልቶ እንዳለቀ አትስጡ፤ የደከመ ሰው ከላይ እስከ ታች አንድ ቁጥር ያከብባል። ጠዋት፣ ከደኅንነት ገለጻ በኋላ ይሻላል። የቀን ሠራተኛውም፣ የንዑስ ኮንትራክተሩ ሰዎችም፣ ቢሮ ያለው መሐንዲስም ይካተቱ።

5. ደምሩ። የ10 ጥያቄው መልስ ከ0 እስከ 4 ሲሆን ድምሩ ከ40 ይያዛል። 4ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ጥያቄዎች ስለ ጥሩ ስሜት ስለሆኑ ይገለበጣሉ። ችግሩን እንደሚወጣው ምን ያህል ጊዜ እንደተሰማው ተጠይቆ 3 ያለ ሰው 1 ይያዝለታል። ይህን ከረሳችሁ ደህናውን ሰው ጭንቀታም አድርጋችሁ ታርፋላችሁ።

6. በቡድን አንብቡ። በተለምዶ እስከ 13 ዝቅተኛ፣ እስከ 26 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። የሕክምና ምርመራ ግን አይደለም። እኔ ብሆን ከድምሩ ይልቅ ልዩነቱን አያለሁ፦ ፌሮ ሠራተኞች ከአናጺዎች ለምን በለጡ? ከ10 ሰው በታች ለሆነ ቡድን ግን ለብቻው ውጤት አታውጡ።

ውጤቱን ቶሎ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ምን እንደሚስተካከልም አብራችሁ ጻፉ። ከወራት በኋላ በዚያው መጠይቅ፣ ጥያቄ ሳትቀይሩ ድገሙት።