ቀለበቱ ለማን ይሰጥ? የመንገድ ማሳለጫ ከማቀዳችሁ በፊት

ጎንደር ላይ ጀማሪ ቀያሾችን ሳስተምር መጀመሪያ የምወስዳቸው አዘዞ ነው። የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የመተማ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። «ሦስቱም ፈጣን መንገድ ቢሆኑ፣ መኪና ሳይቆም እንዲያልፍ ምን ታደርጋላችሁ?» እላቸዋለሁ። ሁሉም ወረቀት ያወጣሉ። ወረቀቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቁጠሩ።

ተራ ባለ ሦስት አቅጣጫ መገናኛ ላይ የመኪኖች መስመር የሚነካካባቸው 9 ነጥቦች አሉ። አደገኞቹ መስመር ከመስመር የሚቋረጥባቸው 3ቱ ናቸው፤ ሦስቱም የሚመጡት በግራ ታጣፊ ነው። አዘዞ ላይ ግራ ታጣፊዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከባሕር ዳር ወደ መተማ የሚሄደውና ከመተማ ወደ ጎንደር የሚገባው።

ለእንዲህ ያለ ቦታ መለከት የሚመስለው ማሳለጫ ይስማማል። አንድ ድልድይ ይበቃዋል። ግን ከሁለቱ ግራ ታጣፊዎች አንዱ ሰፊ ኩርባ ሲያገኝ፣ ሌላው ዞሮ የሚመለስ ቀለበት ይደርሰዋል። ቀለበት ፍጥነት ይገድላል። ስለዚህ ሰፊውን ኩርባ መኪና ለሚበዛበት አቅጣጫ ስጡ።

የትኛው እንደሚበዛ የሚነግራችሁ ቆጠራው ነው። በጥምቀት ሰሞን አትቁጠሩ፤ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። ሰሊጥ የሚጓጓዝበት ጊዜ ግን እንዳያመልጣችሁ። ባጃጁንና ተሳቢውን ለየብቻ ጻፉ። ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ ጠባብ ቀለበት ውስጥ በፍጥነት ከገባ ሊገለበጥ ይችላል።

ከዚያ አፈሩን እዩ። ጥቁር አፈር በግንቦት ይሰነጠቃል፤ እጄ እስከ አንጓዬ የገባበት ስንጥቅ አይቻለሁ። ሐምሌ ላይ ያው አፈር ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ሙሌት በላዩ አትከምሩ። ቆፍራችሁ አውጡና ሳይት ላይ ሰሌክት በምንለው፣ ተመርጦ በሚመጣ በማያብጥ አፈር ተኩት።

በጣም የምለምናችሁ ስለ ድልድዩ ጫፍ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ሥራ ላይ ጊዜ አጠረን ተብሎ ሙሌቱ በግማሽ ግማሽ ሜትር እየተደፋ ተጠቀጠቀ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። አንድ ክረምት አለፈ። ድልድዩ ንቅንቅ አላለም፣ ከኋላው ያለው ሙሌት ግን ወረደ። መኪናው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይነጥር ጀመር። ዛሬ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ንጣፍ አላሳልፍም። ውሃ ይጠጣል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል፣ ይፈተናል፤ ቀጣዩ የሚደፋው ከዚያ በኋላ ነው። ከድልድዩ ግንብ ኋላ የሚጠራቀመው ውሃም መውጫ ቀዳዳ ይተውለት።